የውሃ ልክ

ሥራዬ ማጣራት ነው፤ ውሃ ግን አይደለም።
በኤንስኸዴ ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በእኔ እጅ ሳያልፍ የሚዘጋ የድጎማ መዝገብ የለም።
ማን ብቻውን ይኖራል? ማንስ ከማን ጋር ያድራል?
የጥርስ ብሩሹ ስንት ነው?
አንዱ ትራስ ስንት ራስ ያሳድራል?

በጥቅምት መጨረሻ ደብዳቤ መጣ፣ ስም የሌለው፣
ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ከመስመሩ ዝንፍ የማይለው፦
«ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ወይዘሮ ኸርዲና፣ ድጎማ ትበላለች፤
እዚህ ግን አትኖርም፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰው ጋ ታድራለች።»

የውሃ ድርጅቱም መሰከረ፦ በዓመት ሰባት ሜትር ኩብ።
አርባ ነው የአንድ ሰው ልክ፣ ይላል መመሪያችን፤
ሰባት ከሆነማ ሰው የለም፤ ይኸው ነው ስሌታችን።
ቤቱ አለ፣ ድጎማው አለ፣ ሴትዮዋ የውሃ ሽታ።
ሦስት ቀን ጠበቅኋት መኪናዬ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ።

ጻፍኩ፦ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መብራት በራ።
አንድ ሰዓት ላይ ወጣች፤ ብስክሌት፣ ሰማያዊ ቦርሳ።
ሦስት ሰዓት ላይ ተመለሰች።
ፀጉሯ እርጥብ ነው። ዝናብ አልነበረም።
«ሰው ቤት ታጥባ መጣች» ብዬ ጨመርኩ፤
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በአራተኛው ቀን ደወልኩ።
ካፖርት ለብሳ ከፈተች፤ ቤት ውስጥ፣ ካፖርት።
«የመኪናው ሰውዬ እርስዎ ነዎት? ብርዱ አሳዘነኝ፤
ሻይ ላወጣልዎ አስቤ፣ ጋዙ አሳሰበኝና ተውኩት።»

ቆጠርኩ። አንድ ብሩሽ። አንድ ትራስ።
ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ጥቅል ጎመን።
የመታጠቢያው ወለል ደርቋል፣
ሳሙናው እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።
«የት ነው የሚታጠቡት?»
ወንበር ላይ የተሰጣ የዋና ልብስ አሳየችኝ፣
ጥቁር፣ መቀመጫው የሳሳ።
«መዋኛው ይሞቃል» አለች። «ቲኬቱን ራሳችሁ ናችሁ የሰጣችሁኝ።
ሃያ ዙር እዋኛለሁ፤ ከዚያ ሻወሩ ሥር እቆማለሁ
እስኪያባርሩኝ።
ሁለቱም በአንድ ቲኬት ነው። ወንጀል ነው?»

ውሃ ቀጠነ ብሎ ስለሚጣላ ሰው ሲያወሩ እስቅ ነበር በልጅነቴ፤
ይኸው በውሃ ቅጥነት ደመወዝ እበላለሁ፣ በጎልማሳነቴ።
አለቃዬ ሩርድ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፤
አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ «ውሃ አያነሳም» ይል ነበር፣
ሰባት ሜትር ኩብ እንኳ።

ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ አዎ። አይደለም።
እኔ ከታች፣ ባዶው ላይ፣
«ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል» ብዬ ፈረምኩ፤
ፈሪ ሰው ሦስተኛ ሳጥን አያጣም።

ማታ ቤቴ ገባሁ። መብራት ሳላበራ ወደ ቆጣሪው ሄድኩ፣
ደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያው ጀርባ።
በስልኬ ብርሃን አነበብኩት፤ ካምናው ላይ ቀነስኩ።
ስምንት።

ገላዬን ጂም፣ ምሳዬን ቢሮ፣ ሸሚዜን ላውንደሪ፤
ሰናይት ከሄደች ወዲህ እንዲህ ነው።
አንድ ብሩሽ። አንድ ትራስ።
እዚህ ሰው መኖሩን ማን ይመሰክራል?
ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም፤
ደብዳቤ ቢጽፍብኝ እንኳ
ስም የሌለው እኔ ነኝ።

ቧንቧውን ከፈትኩ። አልታጠብኩም። አልጠጣሁም።
ቆጣሪው ውስጥ ትንሿ ቀይ ጥርስ መዞር ጀመረች።
ስምንቱ ዘጠኝ እስኪሆን
አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ልኩን አውቀዋለሁ።
ውሃው አልደፈረሰም፤
እኔ ግን እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው
ቆሜ አየሁት።